ለዓሣ ነጻነት የቆማችሁ ሆይ፣ ኩልፎን ተዉልን!

  

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ዓሣ ነው። ከሲቀላ የሚጽፍ ሰው ስለ ዓሣ ቢያወራ ማን ይገረማል? ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ “ዓሣ የት ነው የሚበላው?” ብሎ ነው የሚጠይቀን። ለብለቡን፣ ኮተሌቱንና ክትፎውን ለእንግዳው እንተውለት። እኛ የምንሟገትበት ዓሣ አይበላም። የአመልካች ጣት ያህል ነው፤ የሚኖረው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ስሙም ጎራሚ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወዳጃችን እዚሁ አርባ ምንጭ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ቤተሰቦቹ ሊመለስ ዕቃውን ይሸጥ ነበር። ፍራሹ ተሸጠ፣ ምድጃው ተሸጠ፣ አሮጌ ጫማው እንኳ ገዢ አገኘ። አራቱን ጎራሚዎች ግን የሚፈልግ ጠፋ። ከሁለት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ በፌስታል ውሃ ተቋጥረው፣ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ጭኑ ላይ ተቀምጠው የመጡ ናቸው። ወዳጃችን ሲጨንቀው ጊዜ “ለምን ኩልፎ ላይ አንለቃቸውም? እነሱም ነጻ ይውጡ፣ እኔም ልገላገል!” አለ።

እውነቱን እንናገር፤ አጨበጨብንለት። ከመካከላችን አንዱ በሞባይሉ ሊቀርጽ ተዘጋጀ፤ ሌላው “ነጻነት” የሚል ቃል ያለበት ርዕስ ማሰብ ጀመረ። ባልዲውን ይዘን በባጃጅ ኩልፎ ድልድይ ድረስ ሄድን። ድልድዩ ላይ ቆመን ሳለ ባልዲውን የያዘው ልጅ “ለመሆኑ ጎራሚ የየት አገር ዓሣ ነው?” ብሎ ጠየቀ። አምስት ሰው ቆመን አንዳችንም አናውቅም። ሁለት ዓመት ምግብ ስንበትንላቸው የኖርን ሰዎች!

አፍረን ባልዲያችንን ይዘን ተመለስን። ከዚያ በኋላ ያነበብነውን ስናስበው እስካሁን ይዘገንነናል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከኛ ጀምሮ ለዓሣ “ነጻነት” ለሚያስቡ ደግ ልቦች ሁሉ የተጻፈ ሙግት ነው። ቃላችን አጭር ናት፤ የመስታወት ዓሣን ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ምሕረት አይደለም።

ጎራሚ ማነው?

ጎራሚ አንድ ዓሣ አይደለም፤ የብዙ ዘመዳሞች የጋራ ስም ነው። አገራቸው እስያ ነው፤ ከሕንድና ከባንግላዴሽ አንሥቶ እስከ ታይላንድ፣ ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ። የሚኖሩት ዝግ ብሎ በሚፈስ ወይም በተኛ፣ ሞቃትና ሣር በበዛበት ውሃ፣ በረግረግና በሩዝ ማሳ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ኦክስጅን ያጥረዋል። ጎራሚ ግን መላ አለው፤ ከስንጥቡ በላይ ላቢሪንት የሚባል የተጣጠፈ፣ ደም ሥር የበዛበት አካል አለው። ብቅ ብሎ አየር ይጎርስና በዚያ ይተነፍሳል። ወዳጃችን በፌስታል ያን ሁሉ መንገድ ሲያመጣቸው ያልሞቱት በጸሎቱ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ለብዙዎቹ ይህ ትርፍ ችሎታ ሳይሆን ግዴታ ነው። ወደ ላይ ወጥቶ አየር እንዳይጎርስ የታገደ ጎራሚ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። ዓሣ ሰጠመ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በየመስታወቱ የሚታዩት የታወቁ ናቸው። ድንክ ጎራሚ ቀይና ሰማያዊ ሰንበር ያለው፣ ቢያድግ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ነው። ማር ጎራሚ ከሱም ያንሳል። ዕንቁ ጎራሚ ሰውነቱ በሙሉ ነጭ ነጠብጣብ ሲሆን ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሰማያዊው ጎራሚ በእንግሊዝኛ “ባለ ሦስት ነጥብ” ይባላል። ብትቆጥሩ ጎኑ ላይ ያሉት ሁለት ናቸው፤ ሦስተኛዋ ነጥብ ዓይኑ ናት! ሳሚ ጎራሚ የሚባለውም አለ፤ ሁለቱ አፍ ለአፍ ሲገጥሙ ፍቅር ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ ጉልበት መፈታተን ነው። (ከዚህ ትምህርት የምንወስድ ስንቶቻችን ነን!) ግዙፍ ጎራሚ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ፣ በኢንዶኔዥያ እንደኛ ቆሮሶ ተጠብሶ የሚበላ ነው።

ወንዱ ጎራሚ አባትነትን ያውቃል። አብዛኞቹ ወንዶች ውሃው ላይ የአረፋ ጎጆ ይሠራሉ፤ እንቁላሉን እዚያ ያስቀምጣሉ፤ የወደቀውን እያነሡ በአፋቸው ይመልሳሉ፤ የሚጠጋውን ያባርራሉ። ውብ ፍጥረት ነው። ጠባችን ከጎራሚ ጋር አለመሆኑን ልብ በሉልን።

“አንድ ፍሬ ዓሣ ምን ያመጣል?”

የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። “ጫሞ ውስጥ ናይል ፐርች አለ፤ የአመልካች ጣት የምታህልን ዓሣ እንደ ቆሎ ነው የሚቅማት፤ አትጨነቁ” የሚሉን አሉ። እሺ፣ ይቃማት እንበል። ታዲያ የታለ ነጻነቱ? ሁለት ዓመት የቀለባችሁትን ፍጥረት ለናይል ፐርች ቁርስ አቅርቦ “ነጻ አወጣሁት” ማለት የሚያስቅ ደግነት ነው።

ደግሞስ ባይበላስ? ኩልፎ በሲቀላ በኩል አልፎ የሚገባው ጫሞ ነው። ጫሞ ሞቃት ነው፤ ዳርቻው ሣርና ደንገል አለው። ይህ ሁሉ ለጎራሚ እንደ አገሩ ነው። ሰማያዊው ጎራሚ በሰው እጅ ተሻግሮ በኮሎምቢያና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውሃ ውስጥ ተራብቶ ቀርቷል። የሄደው በእግሩ አይደለም።

ይህን የሚጠራጠር ሰው እምቦጭን ያስታውስ። የአማዞን አገር ተክል የነበረው እምቦጭ ዓለምን የዞረው እንደ አረም ሳይሆን እንደ ጌጥ ነው። አበባው ወይን ጠጅ ነው፣ ያምራል፤ ሰዎች ለኩሬያቸው ማሳመሪያ ከአገር አገር ይዘውት ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ታየ። ከዚያ በኋላ ገበሬው፣ ተማሪው፣ ዘፋኙ ሳይቀር ወገቡ እስኪጎብጥ ሲነቅለው አይተናል። የኛው አባያም ከዚህ እንግዳ አላመለጠም። “አንድ ፍሬ አበባ ምን ያመጣል?” ያለ ሰው ያኔም ነበር።

ዋናው ፍርሃታችን ግን ሌላ ነው

ዓሣው ቢሞትም እንኳ ይዞት የሚመጣው ነገር አለ። ድልድዩ ላይ ከነባልዲያችን የቆምን ጊዜ ያላወቅነው ይህንን ነው።

በሲድኒ፣ አውስትራሊያ፣ ከመሸጫ የተገኙ ድንክ ጎራሚዎች ሲመረመሩ ቫይረስ ተገኘባቸው። የዓሣን ጣፊያና ኩላሊት የሚያበሰብስ ቫይረስ ነው። የታመመው ጎራሚ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ይፈዛል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ይሞታል። መድኃኒት የለውም። ጉዳዩ በመስታወቱ ውስጥ ቢያልቅ ኖሮ “ነፍስ ይማር” ብለን ባለፍን። አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት መሪ ኮድ የሚባለውን ትልቅ የአገሬው ዓሣ የሚያረባ ድርጅት ውስጥ ጫጩቶቹ በጅምላ አለቁ። የገደላቸው ቫይረስ ሲመረመር በድንክ ጎራሚ ላይ ከተገኘው ጋር አንድ ነው ሊባል በሚችል ደረጃ ተመሳሰለ። ከአኳሪየም የመጣ በሽታ የአገሩን ታላቅ ዓሣ ገደለ ማለት ነው።

“አውስትራሊያ ሩቅ ነው” ትሉን ይሆናል። ቅርብ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በጋና፣ ቮልታ ሐይቅ ላይ በቅርጫት መረብ የሚረባ ቲላፒያ በቶን እየሞተ መንሳፈፍ ጀመረ። ተጠያቂው የዚሁ ቫይረስ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ቲላፒያ ማለት ሌላ አይደለም፤ ቆሮሶ ነው! ጫሞ ላይ ድሀው አሥጋሪ ልጆቹን የሚያሳድግበት ቆሮሶ። የናይል ፐርች የሥጋ ዘመድ የሆነው ባራሙንዲ የሚባል የእስያ ዓሣም ይኸው የቫይረስ ወገን እንደሚያጠቃው በተደጋጋሚ ተረጋግጧል።

አሁን ባልዲውን መልሳችሁ አስቡት። አራት ዓሣ፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ አንድ ድልድይ። ከድልድዩ በታች ደግሞ ቆሮሶና ናይል ፐርች የሞላበት ሐይቅ፣ ከሐይቁ ዳር ደግሞ መረቡን የሚጠግን አባወራ። እኛ ፎቶ ልንነሣ ነበር!

የኛ አራት ጎራሚዎች በሽተኞች ነበሩ ወይ? ጤነኛ ይመስላሉ። ግን ቫይረሱን የተሸከመ ዓሣም ለጊዜው ጤነኛ ሊመስል ይችላል። በዓይን አይቶ “ንጹሕ ነው” የሚል የዓሣ ሐኪም ገና አልተወለደም።

“ጫሞን የገደለው መረብ ነው፣ የናንተ ጎራሚ አይደለም”

ይህ ሁለተኛው መልስ ነው። ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ጫሞ ላይ ዓይኑ የጠበበ መረብ ጫጩቱን ሳይቀር ያወጣል። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ አፈር ይዞ ይገባል። የናይል ፐርቹ መጠን እያነሰ መሄዱን ዓሣ የሚበላም የሚያሰግርም ይመሰክራል። ለዓሣ ሀብት አዋጅ ከወጣለት ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ይባላል። አዋጁ ግን ታንኳ ላይ ወጥቶ መረብ አይቆጥርም።

ይሁንና የታመመ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ “ለነገሩ ታሟል” ተብሎ ሌላ በሽታ ይጨመርለታል? ሐይቁ በመረብ መጎዳቱ ለጎራሚ ባልዲ ፈቃድ አይሆንም። እንዲያውም ሰበብ ያሳጣናል። መረቡን ለማስቆም ቢሮ፣ ፖሊስ፣ ማኅበር፣ በጀት ያስፈልግ ይሆናል። ባልዲውን ላለመድፋት የሚያስፈልገው ግን እጅን መሰብሰብ ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ሦስተኛው መልስ ደግሞ ከልብ የሚመጣ ነው። “እድሜውን ሙሉ በመስታወት ታስሮ… አያሳዝንም?” ያሳዝናል። ነገር ግን ለገበያ የሚቀርበው ድንክ ጎራሚ በአብዛኛው እንደ ሲንጋፖር ባሉ አገሮች በእርባታ የተፈለፈለ ነው። ወንዝ አያውቅም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? ጎራሚው ኩልፎን አይናፍቅም። የሚፈልገው ሙቅ ውሃ፣ ንጹሕ ውሃ፣ መደበቂያ ሣርና የሚጎርሰው አየር ነው። ይህን ሁሉ መስጠት የኛ ዕዳ ነው፤ ያመጣነው እኛ ነንና።

መልቀቅ የሚጀምረው ከመግዛት ነው

ሰው ዓሣውን ኩልፎ ወስዶ የሚጥለው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሲገዛው ዕቃ ስለገዛ ነው። የቤት ጌጥ፣ የካፌ ማሳመሪያ፣ ለፍቅረኛ የልደት ስጦታ… ጌጥ ሲሰለች ይጣላል። ስለዚህ ጎራሚ መግዛት የምታስቡ ካላችሁ እንዲህ እንላችኋለን።

“አየር ስለሚተነፍስ ማሰሮም ይበቃዋል” የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ። አየር መጎረሱ ከገዛ ቆሻሻው አያድነውም፤ ከሽንቱና ከተረፈው ምግብ የሚወጣው አሞኒያ ይገድለዋል። ለጥንድ ድንክ ወይም ማር ጎራሚ ቢያንስ ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ ለዕንቁና ለሰማያዊ ጎራሚ ከ100 ሊትር በላይ አዘጋጁ። ዓሣው ከመምጣቱ በፊት ውሃውን ከነፊልተሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አሠሩት፤ አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች የሚለመልሙት በዚህ ጊዜ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ቢያንስ ለአንድ ቀን ሳይከደን አሳድሩት።

ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን። ሲቀላ ላይ ፀሐይ ታግዛችኋለች፤ አዲስ አበባ ላይ ያለ ማሞቂያ አይሞከርም። ከላይ ክዳን ይኑረው፤ ለመተንፈሻ ግን ክፍት ቦታ ተዉለት። ክዳኑ እንዳይዘል ብቻ አይደለም፤ በተለይ ለጫጩቶቹ የሚጎርሱት አየር ሙቅና እርጥብ እንዲሆን ነው። ሁለት ወንድ ድንክ ጎራሚ በጠባብ ዕቃ አታስቀምጡ፤ ይጋደላሉ። ግዙፍ ጎራሚ ደግሞ፣ መዋኛ ገንዳ ከሌላችሁ፣ አትግዙ።

እንለይ ያላችሁ ቀንስ? ለሌላ አርቢ ስጡ፤ ለሻጩ መልሱ፤ የሚንከባከብ ሰው ያለበት ትምህርት ቤት ወይም ሆቴል ጠይቁ። ለመዳን ተስፋ የሌለው ዓሣ ካለ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። የሞተውን ቅበሩት፤ ወደ ወንዝም ወደ ቦይም አትወርውሩት። የአኳሪየሙን ውሃ ከቦይ ርቃችሁ ሙዝ ሥር አፍስሱት፤ ሙዙ ያመሰግናችኋል። ሣሩን ፀሐይ ላይ ድርቅ አድርጋችሁ ጣሉት።

ስለ ገዛ ዓሣችን ደግሞ

ያፈርንበት ሌላም ነገር አለ። የሲንጋፖርን ዓሣ እያደነቅን የኖርን ሰዎች፣ አየር የሚጎርስ ዓሣ አባያና ጫሞ ውስጥ መኖሩን አናውቅም ነበር። አምባዛ! ያ ጺማም፣ ቅርፊት የለሽ፣ ሰው “መልከ ጥፉ” የሚለው አምባዛ ከስንጥቡ በላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ መተንፈሻ አለው። ጭቃ ውስጥ ሳይቀር አየር እየጎረሰ ይቆያል። በባሮ በኩል ብንሄድ ደግሞ ቴኖፖማ የሚባሉ፣ እንደ ጎራሚ ላቢሪንት ያላቸው የአፍሪካ ዘመዶቹ አሉ። አፍዴራ ሐይቅ በሌላ በየትም የማይገኙ ትንንሽ ዓሦች አሉት። ጣና የራሱ ብቻ የሆኑ ከአሥር በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት።

“እንግዲያው ከጫሞ አውጥታችሁ መስታወት ውስጥ ክተቷቸው” እያልን አይደለም። ስማቸውን እንወቅ ነው የምንለው። ናይል ፐርችን ከሎሚና ከሚጥሚጣ ጋር ብቻ የሚያውቅ ትውልድ፣ አንድ ቀን ሳህኑ ባዶ ሲቀርብለት ምን እንደጎደለው አያውቅም።

የጋሞ አባቶች “ጎሜ” የሚሉት ነገር አላቸው። ሊሠራ የማይገባ፣ ቢሠራ ግን መዘዙ በሠሪው ብቻ የማይቀር ነውር ነው። ጥብቅ ደኖቻቸው ዘመን የተሻገሩት በዘበኛ ሳይሆን ጎሜን በመፍራት ነው። እኛ ዲግሪ የያዝንና ልንይዝ የተቃረብን ልጆች ለአንድ ሐይቅ ይህን ያህል መፍራት ያቅተናል? የመስታወት ዓሣን ኩልፎ ውስጥ መጣል ጎሜ ነው ብንል አባቶች የሚቆጡን አይመስለንም።

ወዳጃችን ባለፈው ሳምንት ሄደ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው፤ ስለ እናቱ ሳይሆን ስለ ጎራሚዎቹ አደራ አለን። መስታወቱ አሁን ይህን የምንጽፍበት ጠረጴዛ አጠገብ ነው። ተራ ገብተናል፤ አንዱ ያበላል፣ አንዱ ውሃ ይቀይራል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያመሸ ሰው ጋቢ ደርቦላቸው ያድራል። አንደኛው ጎራሚ ዛሬ ጠዋት ጥግ ላይ አረፋ መሥራት ጀምሯል።

ጫጩት ከወጣ ለምኖ የሚወስድ እንፈልጋለን። በባልዲ ሳይሆን በሊትር የሚያስብ ሰው ብቻ ይምጣ።

ቸር እንሰንብት!